‹‹ባዶ ቦታ›› የተባለው ሜዳችን

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን ባለፈው ዓመት በሞት የተለዩንን ወገኖቻችንን ነፍሳቸውን ይማርልን እንላለን። የሒሳቡና የቅጣቱ ጉዳይ በገንዘብ ያዣችን በኩል ስለ ቀረበ ለእኛ የተሰጠን ተራ ስለ ድንኳን መትከያ ሜዳችን መናገር ነው። ነገሩ ረዘም ይላልና የሚያንጎላጅ ሰው ካለ አጠገቡ ያለው በክርኑ ነካ ያድርገው።

እንደምታስታውሱት ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ጉባኤ ላይ ‹‹ከሜዳው እኩሌታውን ከፍለን ሱቅ እንሥራበት፤ ኪራዩ ድንኳን ይቀይርልናል፣ አግዳሚ ወንበርም ይገዛልናል›› የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡን ያመጣነው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኛው ኮሚቴዎቹ ነን። እናንተም አጨብጭባችሁልናል። ዛሬ ግን ያንኑ የራሳችንን ሐሳብ ለመንቀፍ ቆመናል። ‹‹ኮሚቴው አቋም የለውም›› የሚል ቢኖር አንቀየምም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ይስማን።

ሐሳባችንን ያስለወጠን ነገር ትንሽ ነው። የሱቁን ጉዳይ ልናስፈጽም ወረቀት ይዘን በተመላለስንበት ጊዜ ሜዳችን በአንድ ፎርም ላይ ‹‹ባዶ ቦታ›› ተብሎ ተጽፎ አገኘነው። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ቤት ያልተሠራበት ቦታ በወረቀት ላይ ባዶ ነው። ይሁንና ቃሉ ከነከነን። ሲነግሩን የኖሩት ሽማግሌዎች ሲገላገሉበት፣ ስንቱ ሰው ሲሸኝበት የኖረ ሜዳ እንዴት ባዶ ይባላል? ስለዚህ ከመካከላችን ሦስት ሰዎች ተመርጠን በአንድ የገበያ ቀን ከማለዳ እስከ ማታ ሜዳው ዳር ተቀምጠን የሚሆነውን ሁሉ አየን። ሥራ ፈት ያሉንም ነበሩ።

ገና ብርዱ ሳይለቅ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ አባቶች ጋቢያቸውን ተከናንበው በምሥራቅ በኩል ባሉት ድንጋዮች ላይ ፀሐይ ሊሞቁ ተቀመጡ። ድንጋዮቹ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ አንደኛው አባታችን ሊነሡ ሲሉ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ በሦስተኛው ልጅ ደግፎ አነሣቸው። ረፋድ ላይ ገብስና ድንች የጫኑ አህዮች አልፈው ሄዱ፤ ከገጠር የመጡ እናቶችም ሸክማቸውን አውርደው እፎይ አሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር የምትቀመጥበት ብታጣ በቦዩ ድልድይ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ መኪናው ቀሚሷን እየታከከ ያልፋል። ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች ኳሳቸውን ይዘው መጡ፤ ኳሱ ወደ አስፋልቱ ሲሾልክ ልጁም ተከትሎ ይሮጣል። ዓይናችንን የጨፈንነው አንድ ጊዜ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችውም። አቧራው ፊታችንን ሲገርፈን ሽማግሌዎቹም፣ ሕፃን ያዘሉትም፣ እኛም ተበተንን። ሜዳው ባዶ የሆነው እዚያ ሰዓት ላይ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረንን ነገር ገና አልተናገርንም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ ሽንት ቤት የለም። ወንዱ ወደ ገደሉ ጥግ ዞር ይላል፤ ሴቷ ግን እስኪመሽ ትጠብቃለች። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ሳትጠጣ የዋለች እናት ‹‹ምነው እንኪ ጠጪ›› ብንላት ‹‹ጠጥቼ የት ልሄድ?›› አለችን። መልስ አልነበረንም።

ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ከጸሐፊያችን ጋር ሆነን የእድራችንን መዝገብ ገለጥን። መዝገባችን የሚያኮራ ነው። ማን ቀብር ቀረ፣ ማን ተቀጣ፣ ስንት ሰሃን ተሰበረ፣ ድንኳኑ ስንት ቀን ቆመ፣ ሁሉም ተጽፏል። የሟቹ ስምና ቀንም አለ። በምን እንደ ሞተ ግን አልተጻፈም። በቃል እናስታውስ ብለን አንድ በአንድ ብንቆጥር ድሮ ብዙም የማንሰማው ነገር በዛብን፤ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ‹‹ደኅና አድሮ ጠዋት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው›› የሚባለው። ቀድሞ ሰው በተስቦ፣ በሳንባ ምች፣ በወሊድ ይሞት ነበር፤ እሱም ጨርሶ አልቀረም። አሁን ግን በዚያ ላይ ይኼ ተጨመረበት።

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን መቀመጣችን ነው። ከታች ጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ ለለቅሶ የሚመጡ ዘመዶቻችንን ተመልከቷቸው። ዳገትና ቁልቁለቱን በእግራቸው ይወጡታል ይወርዱታል፤ እርጅና እንኳ ቢመጣባቸው እግራቸው አይከዳቸውም። እኛ ከተማ የገባነው ግን ከደጃፋችን ባጃጅ ተሳፍረን ሱቅ እንሄዳለን፣ ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጠን እንሸጣለን። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቱን በመጠኑ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ማድረግ አለበት ይላል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ነው። ለእኛ ከባድ መስሎ የሚታየን እግር ጠፍቶ ሳይሆን መሄጃ ጠፍቶ ነው። በአስፋልቱ ዳር ማን ይንሸራሸር? ከአይሱዙና ከሲኖትራክ ጋር ተጋፍቶ?

እዚህ ላይ አንድ የውጭ አገር ታሪክ እንጨምር፤ ለእድር ሰዎች የሚስማማ ታሪክ ስለሆነ ነው። በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ ዊልያም ፋር የሚባል ሰው ነበር። ሥራው እንደኛ ጸሐፊ የሞት መዝገብ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ሰው በምን እንደ ሞተም ይቆጥር ነበር። ይህ ሰው ምሥራቅ ለንደን የሚባለው የድኾች ሠፈር ከሌላው ይበልጥ ሰው እንደሚሞትበት ከመዝገቡ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1839 ‹‹እዚያ መናፈሻ ቢሠራ የሚሞተው ሰው ይቀንሳል›› ብሎ ጻፈ። የሠፈሩ ሕዝብ 30 ሺህ ፊርማ አሰባስቦ ለንግሥት ቪክቶሪያ አቤት አለ። መናፈሻው እ.ኤ.አ. በ1845 ለሕዝብ ተከፈተ፤ ስሙም ቪክቶሪያ ፓርክ ነው፤ ዛሬም አለ። እንግዲህ አስቡት፤ የሞት መዝገብ መናፈሻ ወለደ ማለት ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። በዚያ ዘመን ሐኪሞቹ ኮሌራን የሚያመጣው ክፉ ሽታ ያለበት አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ፋርም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1854 ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም በሽታው ከተበከለ የውኃ ጉድጓድ እንደሚመጣ አሳየ። ፋርም የኋላ ኋላ አምኖ ተቀበለ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ዛፍና ሣር ብቻውን እንደማይበቃ ነው። መናፈሻ ሠርቶ ሽንት ቤት ያልሠራ፣ ፊት ቀብቶ እግር እንደማይታጠብ ሰው ነው።

ስለዚህ ከሽንት ቤቱ እንጀምር፤ ብዙ የምንለውም በእሱ ላይ ነው። ብዙዎቻችን አያቶቻችን በአንገታቸው ላይ ወረንጦ አንጠልጥለው ሲሄዱ አይተናል። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይናቸውን ስለሚወጋው ይነቅሉበት ነበር። ያ በሽታ ትራኮማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት ከመቶው ከ60 በላይ የሚሆኑት በሽታው ንቁ ሆኖ ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ለሕዝቡ በዘመቻ በታደለው መድኃኒት በብዙ ወረዳዎች ቀንሷል፤ ክልላችን ግን ጨርሶ አልተገላገለውም። ባለሙያዎቹ መድኃኒትና ቀዶ ጥገና ብቻውን አይበቃም፤ ፊት መታጠብና የአካባቢ ንጽሕና መጨመር አለበት የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። በሽታውን ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን የምታደርሰው ዝንብ በዋነኛነት የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። በደንብ በተሠራ ጉድጓድ ውስጥ አይመቻትም። እንግዲህ ከገደሉ ጥግ የምንጥለው ነገር ተመልሶ የሚመጣው በልጆቻችን ዓይን ላይ ነው ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የቀደሙት ሴቶች መሆናቸውም መታወቅ አለበት። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በክልላችን የትራኮማ መከላከያ ሥራ አካል ሆኖ 10 ሺህ ሽንት ቤት ለማስቆፈር ታቅዶ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ የተቆፈረው ከ80 ሺህ በላይ ሆነ። ዋናው ምክንያት ሴቶቹ ናቸው፤ የዝንቡ ነገር ብቻ ሳይሆን እስኪመሽ መጠበቁ መሯቸው ነበርና ባሎቻቸውን አስቆፈሩ። እኛ በከተማ ተቀምጠን የሕዝብ መሰብሰቢያ ሜዳችንን ያለ ሽንት ቤት ማቆየታችን እንግዲህ ምን ይባላል?

የምንሠራው ሽንት ቤት ውድ መሆን የለበትም፤ ግን በመላ መሆን አለበት። ጉድጓዱ ከቧንቧው ወይም ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃል፤ በቁልቁለቱ በኩል ይሆናል እንጂ ከውኃው በላይ አይሆንም። ከጉድጓዱ ተነሥቶ ከጣራው በላይ የሚወጣ የአየር ማስወጫ ቱቦ ይኖረዋል፤ የቱቦው አፍ በወንፊት ይሸፈናል። ቤቱ ውስጡ ጨለም ካለ በጉድጓዱ ያለችው ዝንብ ብርሃን ፍለጋ ወደ ቱቦው ትወጣና ወንፊቱ ላይ ተይዛ ትቀራለች። ሽታውንም ነፋሱ ይዞት ይወጣል፤ ነፋስ ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን አልነፈገንም። የሴቶቹና የወንዶቹ በር በየፊናው ይሁን። የሴቶቹ በር ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። እጅ መታጠቢያው በር ላይ ይሁን እንጂ ‹‹ወደፊት ይሠራል›› ተብሎ አይተው። የሚጠብቀውና የሚያጸዳው ሰው ከተጠቃሚው ሳንቲም እየሰበሰበ ደመወዙን ያወጣል። ይህን ሳንስማማበት ግንብ ብንገነባ በስድስት ወሩ ማንም አፍንጫውን ሳይዝ የማያልፍበት ይሆናል፤ አይተነዋልና።

አሁን ወደ ነፋሱ እንምጣ። ከመካከላችን አንድ ወንድም ‹‹ዙሪያውን ግንብ እንሥራ፤ ነፋሱም ይቆማል›› ብሎ ነበር። ግንብ ግን ነፋስን አያቆመውም፤ ያዘልለዋል። ዘሎ ከግንቡ ጀርባ ተወርውሮ ይወርድና አቧራውን እዚያው ያሽከረክረዋል። የሚሻለው በከፊል የሚያሳልፍ፣ ጉልበቱን እያደከመ የሚለቀው ነገር ነው፤ ይህም ረድፍ ዛፍ ነው። በደንብ የበቀለ የዛፍ ረድፍ ከቁመቱ አሥር እጥፍ ለሚሆን ርቀት ነፋሱን ያበርዳል። ስድስት ሜትር የደረሰ ዛፍ እስከ ስድሳ ሜትር ያህል ይከልላል ማለት ነው፤ ይህም ለሜዳችን ይበቃዋል። ስለዚህ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ሁለት ረድፍ እንትከል፤ ከፊት ቁጥቋጦ፣ ከኋላ ረጅም ዛፍ።

ምን እንትከል? ባሕር ዛፍ ያሉ አባት አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ተሽጦም ገንዘብ ይሆናል፣ የድንኳናችን ምሰሶም እሱው ነው። ነገር ግን ውኃውን ይመጠዋል፣ ከሥሩም ሣር አያበቅልም፤ ከዚያም በላይ የደረሰ ባሕር ዛፍ ይቆረጣል። በቆረጥነው ዓመት ነፋሱ ተመልሶ ይመጣል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነች ቆላ የለመደ ዛፍ አይሆንላትም። ጽድ፣ ኮሶ፣ አስታ፣ አምጃ የደጋ ልጆች ናቸው። ቀስ ይላሉ፤ ግን ለልጅ ልጅ ይቆያሉ።

ችግኝ ተክለን እንዴት ይጸድቃል ለሚለው መልሱ ሩቅ አይደለም። ደቡብ ጎንደር ከአንድ ሺህ በላይ በደን የተከበቡ አብያተ ክርስቲያናት አሏት፤ የውጭ አገር ተመራማሪዎች ሳይቀሩ እየመጡ የሚያዩት ሀብት ነው። ብዙዎቻችሁ ‹‹እመጓ›› በሚለው መጽሐፋቸው የምታውቋቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የእነዚህን ደኖች ነገር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ አግኝተዋል። ከጥናቶቹ ያገኘነው ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ ከብት በገባበት ደን ትንንሹ ችግኝ አይቀርም፣ ከብት ከተከለከለ ግን ደኑ ራሱን ይተካል። ለዚህም ነው በአንዳንድ ደብሮች የድንጋይ ካብ የተካበው። እኛም ሜዳውን በሙሉ ማጠር አያስፈልገንም፤ እያንዳንዱን ችግኝ በእሾህና በካብ እንክበበው። አህያ ይፈቀዳል፤ ፍየል ግን አደራ።

አባቶቻችን የደብሩን ዛፍ ሲጠብቁ ‹‹ይህ ለጤና ነው›› ብለው አልነበረም፤ ለክብሩ ነው። ጥቅሙ ግን ለሥጋም ነው። አሜሪካን አገር ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን አነጻጽሮ ነበር። እኩሌቶቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፣ እኩሌቶቹ ግንብ ያያሉ። ዛፍ የሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻም በጥቂቱ ወሰዱ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከለቅሶ በኋላ ግድግዳ ከማየት ዛፍ ሥር ተቀምጦ ከሰው ጋር መዋል ልብን እንደሚያሳርፍ የማያውቅ እድርተኛ የለም።

ይህን ስንል ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ይታወሰናል። ጦርነቱ ከተማችን በገባባቸው ቀናት ድንኳን መትከል አልተቻለም፤ ለቅሶው በየጓዳው ቀረ። ነገሩ ካለፈ በኋላ በዚህ ሜዳ ላይ ባንድነት ተቀምጠን ስናለቅስ ‹‹አሁን ገና ሰው ሆንን›› ያሉት እናት ዛሬም በመካከላችን አሉ። ሱቅ ቢሠራበት ኖሮ የት እንቀመጥ ነበር?

በአዲስ አበባም ስለ መንገድና ስለ ሜዳ ብዙ ተሠርቷል፤ ከሁለቱ አንዱን እንውሰድ፣ ከአንዱ እንጠንቀቅ። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ‹‹መንገድ ለሰው›› ተብሎ በተመረጡ መንገዶች ላይ መኪና ቆሞ ሰው በእግሩ ሲራመድ፣ ልጆች ሲጫወቱ ዋሉ፤ በጊዜው የጤና ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር አሚር አማን ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ነገሩ በኮሎምቢያ አገር በቦጎታ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በየእሑዱ ሲደረግ የኖረ ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ገመድና ፈቃድ ይበቃዋል። በሜዳችን አጠገብ የሚያልፈውን የውስጥ መንገድ በወር አንድ እሑድ ጠዋት ብናዘጋው ማን ይጎዳል? ዋናውን የወረታ ወልድያ መንገድ አላልንም፤ እሱስ የአገር መንገድ ነው።

የምንጠነቀቀው ደግሞ ይኸ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል፤ ሲያዩት ያምራል፣ ለእግረኛም ይመቻል። በዚያው ልክ ግን ከፒያሳና ከሌሎች ሠፈሮች የተነሡ ሰዎች ከጎረቤታቸው ተለያይተዋል። ጤና በእግር መንገድ ብቻ አይገኝም፤ ‹‹ምነው ዛሬ ዘገየህ›› ብሎ በር የሚያንኳኳ ጎረቤትም ያስፈልጋል። የእኛ ሥራ ትንሽ በመሆኑ ማንንም ከቦታው አያነሣም፤ ይህንን እንደ ድኽነት ሳይሆን እንደ ዕድል እንቁጠረው።

ታዲያ የምናቀርበው ፕላን ምንድን ነው? ንድፉን በወረቀት ላይ የነደፉልን የአባሎቻችን ልጆች ናቸው፤ ከግድግዳው ላይ ተለጥፏልና ስትወጡ እዩት። በመሠረቱ መካከሉ እንደ ነበረ ይቆያል፤ ድንኳኑ እዚያው ይተከላል፣ ልጆቹም እዚያው ይጫወታሉ። ዙሪያውን በጠጠር የተደለደለ የመራመጃ መንገድ ይወጣል። በእርምጃ ስንለካው አንዱ ዙር 400 እርምጃ ያህል ነው፤ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ዞር ዞር ያለ ሰው ግማሽ ሰዓቱን ጨረሰ ማለት ነው። የደም ግፊት ያለባችሁ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

መቀመጫዎቹን በሚመለከት አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። አንዳንዶቻችሁ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ያያችሁትን በጥላ ውስጥ ያለ መቀመጫ ትፈልጋላችሁ። እዚያ ሙቀት ነው፤ እዚህ ግን ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ ይቀዘቅዛል። የእኛ መቀመጫ ጀርባው ለነፋሱ፣ ፊቱ ለጠዋት ፀሐይ መሆን አለበት። ከፍታው ከመሬት አንድ ክንድ ይሁን፤ መደገፊያና እጅ ማሳረፊያ ይኑረው፤ ያን ዕለት ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ የተመለሱት አባታችን ማንንም ሳይጠሩ ይነሡ። በአስፋልቱ በኩል ደግሞ ኳስ የማያሾልክ፣ ከወገብ ያልበለጠ ካብ እንካብ። ከወገብ አይብለጥ የምንለው ማታ የሚያልፉ ሴት ልጆቻችን ከካቡ ማዶ ያለውን እንዲያዩ፣ ከማዶም ያለው እነሱን እንዲያይ ነው። የዝናቡ ውኃ የሚተኛበት የታችኛው ጥግ በቦይ ይፈስሳል።

ገንዘቡስ? ይህን የጠየቃችሁን ሁሉ አላፈራችሁብንም፤ ድንኳናችን መቀደዱን እኛም እናውቃለን፤ ባለፈው ክረምት በሠልስት ላይ እንግዶቻችን ሲበሰብሱ አንገታችንን ደፍተናል። በሱቁ ኪራይ ድንኳን በአንድ ዓመት ይገዛ ነበር፤ ይህን አንክድም። በአዲሱ ፕላን ግን ከአስፋልቱ ወገን ሁለት ትንንሽ ክፍል ብቻ ይሠራል፤ አንዱ ለሻይ ቤት ይከራያል፣ አንዱ የሽንት ቤቱ ጠባቂ ማረፊያ ይሆናል። ከዚያ በተረፈ በየወሩ ከእያንዳንዱ አባል 5 ብር ጭማሪ እንጠይቃለን። ድንኳኑ በአንድ ዓመት ሳይሆን በሦስት ዓመት ይገዛል። ሦስት ክረምት በተጣፈ ድንኳን እንከርማለን ማለት ነው። ሜዳ ግን አንዴ ከተቆረሰ በሦስት ዓመትም በሠላሳ ዓመትም አይገዛም። ድንጋይና ጉልበት የራሳችን ነው። ገጠር ያሉ ዘመዶቻችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔቱ ሥራ ስንት ተራራ በእርከን እንደ ካቡ እናያለን፤ እኛ አንድ ሜዳ መካብ አያቅተንም።

ከጸሐፊያችን ጋር የተስማማነው ሌላ ትንሽ ነገር አለ። ከዛሬ ጀምሮ ቤተሰቡ ከፈቀደ በመዝገባችን ላይ ሟቹ በምን እንደ ሞተ በአጭሩ ይጻፍ። ያልፈቀደ አይገደድም። ከአምስት ዓመት በኋላ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ስናሳያቸው የሚነግረን ነገር ይኖራል ብለን እናስባለን።

ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ እጅ በማውጣት ድምፅ ይሰጣል። ሱቁን የምትፈልጉም በነፃነት ተናገሩ፤ ተራ እንሰጣለን። ፕላኑ ካለፈ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመራመጃውን መስመር በካስማና በገመድ እንለካለን፤ ዶማና አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ። ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት መጨረስ ስላለብን ከሦስት ሰዓት የዘገየ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣል።